ያልታጠነ ጋን

ድብ ባሕር
ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለፀደይ፣ ማራኪ ካለሽበት ይድረስሽ።

እንዴት ከርመሻል? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ ቸሩ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ከነከብቶቻችን ደኅና ነን። ዝናሽ ጉልበቷን ያማታል፤ አፏን ግን አላመማትም። ይኸን ስጽፍ እንኳ ከማጀት ሆና የእኔን ሰላምታ እንዳታሳጥር ትለኛለች። ስለዚህ የእሷ ከእኔ ይረዝማል ብለሽ ያዥው።

አባትሽ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የአክስቴ ልጅ ቢሆንም ከወንድም አይለይብኝም ነበር። ለአንቺ ስጽፍ እሱን ያገኘሁ ይመስለኛል። ስልክማ ከላይ ካለው ገመገም ካልወጡ አይሰማም፤ ወጥቼም «ሃሎ፣ ሃሎ» ስል ካርዱ ያልቃል። ደብዳቤውን ፋንታሁን፣ ከደባርቅ ጎንደር ሚኒባስ የሚነዳው፣ በእጅሽ ይሰጥሻል።

ነገሩ ነጭ ሽንኩርቱ ነው። ያ ቀዩ፣ የእናቴ ዘር። ቅጠሉ ከጫፉ ቢጫ እየሆነ ይተኛል። ሳብ ሳደርገው ያለ ትግል ይመጣል፤ ሥሩ በስብሷል፤ ጥጥ የመሰለ ነገር ለብሷል፤ በጥጡ ላይ ደሞ ሰናፍጭ የሚያካክል ጥቁር ፍሬ አለ። አምና ጫፍ ጫፉን ነክቶኝ ነበር፤ ዘንድሮ መሐል እርሻ ገባ።

ልጄ ሙሉቀን፣ አሁን የራሱን ጎጆ የወጣው፣ መሬቱ ታሟል፣ ባሕር ዛፍ እንትከልበት ይላል። ችግኙን ሳይቀር አምጥቶ ከጓሮ ደርድሮታል። እኔም ንዴት ያዘኝና በጎረቤት ፊት ተናገርሁ። ፋሲካ አልፎ ስነቅለው ግማሹ እንኳ ጤነኛ ሆኖ ካልወጣ ትከልበት አልሁት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ዘሩን ደሞ ሁሉንም ተክዬዋለሁ፤ በማጀት የቀረች አንዲት ራስ የለችም። ይኸ ከጠፋ የእናቴ ዘር ጠፋ ማለት ነው።

አንቺ የተክል በሽታ ተማሪ ነሽ አሉ። ምነው አንድ ኃይለኛ መድኃኒት ከከተማ ብትልኪልኝ? ሸጋ ልጅ ነሽና እንደማትረሽኝ አውቃለሁ።

የአባትሽ አምላክ ይጠብቅሽ።
አስናቀው


ጎንደር፣ ማራኪ
ታኅሣሥ 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት ለአያ አስናቀው፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? እቴቴ ዝናሽስ? ጉልበታቸውን እግዚአብሔር ይማርልኝ፤ አፋቸውን እንዳለ ያቆይልኝ። እኔ ደኅና ነኝ። የተከራየሁት ክፍል ጠባብ ነው፤ ግን ፀሐይ ጧት ጧት ትገባለች።

የነገሩኝን አንብቤያለሁ። በሽታው ነጭ አበስብስ ይባላል፤ ሻጋታ ነው። ያ ሰናፍጭ የመሰለው ፍሬ የሻጋታው ዘር ነው፤ አፈር ውስጥ ስንት ዓመት ተኝቶ የነጭ ሽንኩርት ሥር ሲሸተው ይነሣል። ከሱቅ የሚገዛው መድኃኒት የተኛውን አጥርቶ አያገኘውም። ስለዚህ ኃይለኛ መድኃኒት አልልክልዎትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ግን ተስፋ አለኝ። እኔ የምማረው ይኸንኑ ነው። በደንብ በበሰለ ፍግ ውስጥ ባክቴሪያ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ ሕያዋን ይኖራሉ፤ ከእነሱ አንዳንዶቹ የሻጋታ ጠላት ናቸው። ከሥሩ ዙሪያ ሰፍረው ሻጋታውን አያስጠጉም። የእርስዎን መሬት የለመዱትን ማግኘት እፈልጋለሁ። እባክዎ ከላም በረት፣ ከበግ ጋጣና ከአሮጌው የፍግ ክምር ሥር ጥቂት ጥቂት ቆንጥረው ይላኩልኝ። ከላይ ያለው ትኩሱ አይሆንም።

ፍግ ለመነች ብለው እንዳይስቁብኝ።

ልጅዎ ፀደይ


ድብ ባሕር
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ፀደይ፣ ሰላምሽ ይብዛ።

ስቄብሻለሁ። እኔ ብቻም አይደለሁ፣ ቀዬው ሁሉ ስቋል። አስተምረን አስተምረን ፍግ ላኩልኝ አለች፣ ይላል ሙሉቀን። ባክቴሪያ በሽታ ነው ሲሉ ነበር የምንሰማ፤ ለካ እንደ ሰው ደግም ክፉም አለው።

ሦስቱንም ለየብቻ በቅጠል ጠቅልዬ በቅል ልኬልሻለሁ። ዝናሽ የቅቤ ቅሏን አልሰጥም ብላ ስንት ክርክር ሆነ፤ በመጨረሻ የተሰነጠቀውን ሰጠችኝ። ቅሉ ይመለስ ብላለች። እንኳን ለልደት በዓል በሰላም ያደርስሽ።

አስናቀው


ጎንደር፣ ማራኪ
ጥር 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀውና ለእቴቴ ዝናሽ፣

እንኳን ከብርሃነ ጥምቀቱ በሰላም አወጣችሁ። እኔም ታቦቱን አጅቤ ቀሐ ወንዝ ዳር አድሬ ድምፄ ተዘግቶ ሰነበትሁ፤ በረከቱ ለእናንተም ይድረስ።

ስለ ቅሉ መጀመሪያ ልንገራችሁ። ፋንታሁን እንደነገረኝ አንዲት እመቤት ከዳባት ተሳፍረው ቅሉን ሲያዩ የድብ ባሕር ቅቤ መሰላቸው። ሽጥልኝ ብለው ያዙት። የሰው አደራ ነው ቢላቸው አልሰማ አሉ፤ ላሽትተው ብለው ከፈቱት። ከዚያ በኋላ እስከ ጎንደር መስኮቱ ክፍት ነበር ይላል። ቅሉን አጥቤ መልሻለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ከላካችሁልኝ ፍግ ውስጥ ባክቴሪያዎቹን ለይቼ በትንንሽ ሳሕን ላይ ከሻጋታው ጋር አፋጠጥኋቸው። አብዛኞቹ ተሸነፉ። ከበግ ጋጣ የመጣ አንዱ ግን ሻጋታውን ከመሐል መንገድ አስቆመው፤ በመካከላቸው ድንበር የተሰመረ ይመስላል። መምህሬን ጠርቼ አሳየሁት፤ እሱም ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።

እሱን አራብቼ በጀሪካን ልኬላችኋለሁ። አያያዙ እንደ ጠላ ጥንስስ ነው፤ እቴቴ ዝናሽ ከእኔ በላይ ያውቁበታል። በጋን አድርጋችሁ የምንጭ ውኃ ጨምሩበት፤ ስኳር ጣል አድርጉበት፤ በንጹሕ ጨርቅ ክደኑት። ጥቂት ቀን ሲሰነብት ከየሥሩ አፍስሱ። አንድ መደብ ብቻ ሳይጠጣ ይቅር፤ ልዩነቱን የምናውቀው በእሱ ነው። ከእጃችሁ ላይ በረከት አይጥፋ።

ፀደይ


ድብ ባሕር
ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

የተባረክሽ ልጅ፣

ጀሪካኑ በደኅና ደርሷል። ዝናሽ እንደ ጥንስስ ነው ማለትሽን ስትሰማ ያየኋት ደስታ ሌላ ነው። እስከ ዛሬ በእርሻ ነገር የጠየቃት የለማ። ለማርያም ዝክር ካልሆነ የማይወጣውን ትልቁን ጋን አወጣች። ወጉን አንዲት አላጎደለችም፤ ለእንግዳ ጠላ እንኳ እንዲህ ስትጠበብ አላየኋት። በሰነበተ ጊዜ እኔና እሷ ተጋግዘን ከላይ ጀምረን አጠጣነው። በግርጌ ያለውን አንድ መደብ እንዳልሽው ተውነው።

ሙሉቀን አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲያየን ዋለ። ከዚያ ችግኙን ሲያጠጣ አመሸ። በል እንግዲህ፣ የሚሆነውን እናያለን። ቸር ወሬ ያሰማን።

አስናቀው


ጎንደር፣ ማራኪ
የካቲት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣ ጤናዎን ይስጥልኝ።

እንዴት ነው ሽንኩርቱ? ቢጫው ቆመ ወይስ ገና ነው? ፋንታሁንን በየቀኑ መናኸሪያ ሄጄ እጠይቀዋለሁ፤ ሰልችቶታል። መምህሬም ከእኔ ብሶ ይጠይቃል። አንድ ቃል ይላኩልኝ።

ፀደይ


ድብ ባሕር
የካቲት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለፀደይ፣

የዘገየሁት መንገዱ ተዘግቶ ስለነበር ነው። እኛ ደኅና ነን። ቦራ ላም ወልዳለች፤ ወይፈን ነው፣ ግንባሩ ላይ ነጭ አለው። ዝናሽ ጉልበቷ ተሽሏት ለቅበላ ዶሮ ሠርታ በላን፤ አንቺ ብትኖሪ ይበልጥ ይጥመን ነበር። የማኅበሩ ዳኛ ተለውጧል። ቄሰ ገበዙ አዲስ ጥምጣም አስመጥቶ ሰው ሁሉ ስለ እሱ ያወራል፤ እኔ ግን አሮጌው ይሻለው ነበር ባይ ነኝ። የምንጩ ውኃ ዘንድሮ አልጎደለም።

ሽንኩርቱም አለ።

መልካም የጾም ወራት ያድርግልሽ።
አስናቀው


ጎንደር፣ ማራኪ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣

ወይፈኑን እግዚአብሔር ያሳድግልዎ። ስለ ጥምጣሙም አነበብሁ።

«ሽንኩርቱም አለ» የምትለዋን ግን ደጋግሜ አነበብኋት፤ አላማረችኝም። ፋንታሁንን ይዤ አፋጠጥሁት። መዋሸት አይችልበትም። ከመንገድ ዳር ሲያልፍ እርሻው ከታች እስከ መሐል ቢጫ ሆኖ፣ እርስዎ በእቅፍ እየነቀሉ ጉድጓድ ሲጥሉ አየሁ አለኝ። ያጠጣነውም፣ ያላጠጣነውም።

ምነው አያ? ምነው ደበቁኝ? እኔ እዚህ ለመምህሬ ተሳካ ብዬ ፊቴ በርቶ እዞራለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የሚሉት እናንተ አይደላችሁም? አዝኛለሁ። ተቆጥቻለሁም፤ ትልቅ ሰው ባይሆኑ ከዚህ የባሰ እጽፍልዎት ነበር።

አሁን ተቆጥቼ ጨረስሁ። ከጋኑ የተረፈ ጥቂት ካለ፣ ዝቃጩም ቢሆን፣ ሳይውል ሳያድር ይላኩልኝ። የቀረ ደኅና ሽንኩርት አለ?

ፀደይ


ድብ ባሕር
የካቲት 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ልጄ፣

ቁጣሽ የአባትሽ ነው። እሱም ሲቆጣ ደብዳቤው ያጥር ነበር።

እውነት ነው። ግርጌው አልቋል፤ መሐሉም እያለቀ ነው። ፈተና አለባት ብሎ ፋንታሁን ነግሮኝ ነበርና ልብሽን አልሰብርም ብዬ ነው። ጧት ጧት ከእርሻው ስገባ ዝናሽ ፊቴን አይታ አትጠይቀኝም፤ እኔም አልነግራት። እኔ መሬት ሲሞት አይቼ አላውቅም፤ ያስፈራል። ሙሉቀን እንኳ መቀለዱን ትቷል፤ ይኸ ደሞ ከቀልዱ ይከፋል።

ከላይ በኩል፣ ከቦዩ አጠገብ ያሉት መደቦች ገና አልተነኩም። የእናቴ ዘር የቀረው እዚያ ነው። ከጋኑ ሥር የቀረውን ባዶው ጀሪካን ላይ ገልብጬ ልኬልሻለሁ።

አስናቀው


ጎንደር፣ ማራኪ
የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአያ አስናቀው፣ ለእቴቴ ዝናሽም፣

ይኸን ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

ጀሪካኑን ላቦራቶሪ ወስጄ ከፈትሁት። ፍግ ይሸተኛል ብዬ አፍንጫዬን አዘጋጅቻለሁ። የሸተተኝ ግን ፍግ አልነበረም። ወይራ ነው። የእቴቴ ዝናሽ ጠላ ሽታ፣ ቁልጭ ያለ። ብቻዬን ቆሜ ሳቅሁ፤ ቀጥሎ እንባዬ መጣ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ደኅና ነሽ ወይ ብላ ገባች።

እቴቴ፣ ጋኑን በግራዋ አጥበው በወይራ አጠኑት፣ አይደለም? እንዴ፣ ለምን አያጥኑት? ሳይታጠን ጥንስስ የሚጥል ሴት አገራችን የት አለች? ጥፋቱ የእኔ ነው፤ እንደ ጥንስስ ነው ያልሁት እኔ ነኝ። እኔም እኮ ጋን ሲታጠን እያየሁ ነው ያደግሁ፤ ከመልመዴ የተነሣ ትዝም አላለኝ። ጋን የምናጥነው መጥፎ መጥፎው እንዲሞት ነው። ጢሱ ግን ደጉን ከክፉው አይለይም። ከላካችሁልኝ ላይ ጨልፌ ሳሕን ላይ ዘራሁት፤ አንዲት ነገር አልበቀለችም። ለሽንኩርቱ ያጠጣነው በወይራ የታጠነ ስኳር ውኃ ነው።

አያ አሁን፣ ታዲያ ጠላው እንዴት ይፈላል ብለው እንደሚሟገቱኝ አውቃለሁ። የጠላው እርሾ ከጌሾና ከጢስ ጋር ኖሮ ለምዶታል፤ የእኛዎቹ የበግ ጋጣ ልጆች ናቸው፣ ወግ አያውቁም።

አዲስ ልኬያለሁ። ጋኑ በውኃ ብቻ ይታጠብ። ግራዋ አይንካው፤ ወይራ አይሽተተው። ከቦዩ አጠገብ ላሉት መደቦች አሁኑኑ፣ ከዚያም በየሳምንቱ አጠጧቸው። አሁንም ከመደቦቹ አንዱን ሳታጠጡ ተዉልኝ፤ ጨካኝ አትበሉኝ። የታመመውን ያድናል አልልም፤ ያልታመመውን ግን ሳይጠብቀው አይቀርም። ዘንድሮ የምንለምነው ይኸንኑ ነው።

ፀደይ


ድብ ባሕር
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይኸን የምልሽ እኔ ዝናሽ ነኝ፤ የሚጽፈው አስናቀው ነው። ከራሱ የጨመረ እንደሆነ ማርያም ትታዘበው።

አንቺ ልጅ፣ ሦስት ጊዜ ነበር ያጠንሁት። አንቺን እንዳላዋርድ ብዬ። ለልጄ ሠርግ እንኳ ሁለት ጊዜ ነው ያጠንሁ። ስትስቂ እኔም ስቄያለሁ፤ መጀመሪያ ግን አልቅሻለሁ፣ የሰውየውን እርሻ የገደልሁ መስሎኝ።

ያልታጠነ ጋን ግን ከቤቴ አላኖርም። ጎረቤት ገብታ ብታሸት ምን ትለኛለች? ዝናሽ አረጀች፣ ሙያዋን ረሳች ትላለች። ስለዚህ የበግ ጋጣ ልጆች ካልሽ ከቤታቸው ይደሩ ብዬ ጋኑን ከነጨርቁ በግ ጋጣ አስቀመጥሁት። እዚያ ይሞቃቸዋል፤ እኔም አላፍርም። በውኃ ብቻ ማጠቤን ለማንም እንዳትነግሪ።

አጠጥተናል። አንዱን መደብ እንዳልሽው ሳናጠጣ አለፍነው።


ጎንደር፣ ማራኪ
መጋቢት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእቴቴ ዝናሽ፣

በግ ጋጣ ማስቀመጥዎን ለመምህሬ ነገርሁት። ይኸን እኛ ሳናስበው እሳቸው እንዴት አሰቡት አለ። ከሐፍረት የተነሣ ነው አላልሁትም።

ፀደይ


ድብ ባሕር
ሚያዝያ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን፤ በዐቢይ ኃይል ወሥልጣን።

ለልጄ ለፀደይ፣ እንኳን ጾሙን በሰላም አስፈታሽ። ይኸን ደብዳቤ ሳልሸፋፍን እጽፈዋለሁ ብዬ ምያለሁ።

ትናንት ነቀልነው። ጎረቤቱ እንደ ሠርግ ተሰበሰበ፤ የተናገርሁትን የሰማው ሁሉ መጣ። ሁለት ሰሌን ተዘረጋ፤ ጤነኛው በአንዱ፣ የበሰበሰው በአንዱ። የለየው ሙሉቀን ራሱ ነው። ከቦዩ አጠገብ ያጠጣናቸው መደቦች ሲወጡ አፈር ይዘው፣ ሥራቸው እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዠርግጎ፣ ቀይ ሆነው ወጡ። የበሰበሰ ከመሐላቸው ጠፋ አልልሽም፤ አለ፣ ግን እዚህም እዚያም ነው። ሳናጠጣ የተውነው መደብ ግን አጠገባቸው ሆኖ ጉድ ሆኗል፤ ሙሉቀን እጁን ቢሰድበት ጥጥና ጥቁር ፍሬ ብቻ ነው ያወጣ። ብዙ ጊዜ ቁጢጥ ብሎ አየው። ዝናሽ አንድ ጊዜ ብቻ እልል አለች፤ ከዚያ አፏን ያዘች።

የጤነኛው ክምር ከበሰበሰው በለጠ። ሰዉ አስናቀው ረታ አለ። እኔ ግን አልረታሁም። በየካቲት ጉድጓድ የጣልሁትስ የማን ነበር? እሱም የዚሁ እርሻ ነው። እሱ ሲጨመር ግማሹ አልወጣም። ከአፍ የወጣውን በጉድጓድ ሸፍኜ አልበላም አልሁና በሰው ፊት ሙሉቀንን ጠራሁት። «ቃሌ ቃል ነው፤ ነገ ትከልበት» አልሁት። ቀና ብሎ አየኝና ሄደ።

አንቺ እንዳታዝኝ። ያንቺ ነገር ሠርቷል፤ ያየ ሁሉ ይመሰክርልሻል፤ ለመምህርሽም እንዲሁ ብለሽ ንገሪው። የእናቴም ዘር አልጠፋ። ካማረው ካማረው መርጬ በዚያው በተሰነጠቀው ቅል ልኬልሻለሁ። ወጥ እንዳትሠሪበት፤ ዘር ነው። መሬት ያለው ዘመድ ብታገኚ ስጪው። እኔ መሬቴን ብሰጥ ዘሬን አልሰጥምና ደስ ብሎኛል። ጥቂት ከፍቶኛልም፤ አልሸፋፍንም ብዬ የለ።

ሙሉቀን አሁን ገብቶ ከሥር እኔም ልጻፍላት ብሎኛል። ወረቀቱን ትቼለት ልተኛ ነው። ምን እንደሚጽፍልሽ አላውቅም፤ ልጅነቱን ታውቂዋለሽ፣ ቢያበሽቅሽ ቻይው።

የአባትሽ አምላክ ከፍ ያድርግሽ።
አስናቀው


እህቴ ፀደይ፣

አባቴ ተኝቷል። ችግኙን ዛሬ ከሰዓት በኋላ ለቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሰጥቼዋለሁ፤ ጧት ሲነሣ ያየዋል። እሱ ያሰረውን ቅል እኔ አልፈታውም፤ ከዘሩ ግማሹን በፋንታሁን መልሽልን፤ የምንተክልበት መሬት አለን።

ጋኑን በውኃ ብቻ አጥቤ በግ ጋጣ አስቀምጬዋለሁ። አልታጠነም። ላኪልን።

ሙሉቀን